ቡርህ ምንድን ነው?

ቡርህ የአንግሎ ሳክሰን (የጥንቱ እንግሊዝ) ነገሥታት ከስካንዲኔቪያ በመርከብ የሚመጡትን ወራሪዎች፣ ቫይኪንጎችን፣ ለመመከት ያቋቋሙት የተመሸገ ከተማ ነው። ቅጥር ማጠር በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው በቁጥር ተተምኖ ማደሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 878 የቫይኪንጉ መሪ የጉትሩም ጦር የቺፐንሃምን ከተማ በድንገት ያዘ፤ በደቡብ እንግሊዝ የነበረው የዌሴክስ መንግሥት ንጉሥ አልፍሬድም ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ሱመርሴት ረግረግ ውስጥ ገባ። በግንቦት ኤዲንግተን ላይ ድል ቢያደርግም ዋናው ችግር እንዳለ ነበር፦ ጦሩ ከየአገሩ ተጠርቶ እስኪከት ድረስ ወራሪው ዘርፎ ይሄዳል። መፍትሔው ወደ 30 የሚጠጉ ቡርሆችን በዌሴክስ ዙሪያ መትከል ሆነ።

ስሌቱ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ቅጥሩ የሚለካው በፖል ነው፤ አንዱ ፖል 5 ሜትር ያህል ሲሆን 4 ሰው ይቆምበታል። ሰው የሚዋጣው በመሬት ልክ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ያኖራል ተብሎ የሚገመት መሬት፣ ማለትም አንድ ሃይድ፣ አንድ ሰው ይልካል። ለዊንቸስተር 2400 ሃይድ ተመድቦ ነበር። ለ4 ሲካፈል 600 ፖል ይሆናል፤ በሜትር 3017 ገደማ ነው። የከተማዋ የሮማውያን ቅጥር ዙሪያ ከዚህ ቁጥር እምብዛም አይርቅም። ኤክሰተር ላይ ግን ሒሳቡ አይሠራም፤ የተመደበለት 734 ሃይድ የቅጥሩን ግማሽ እንኳ አያስጠብቅም።

የሮማውያን ግንብ በሌለበት ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ውስጥ ይከመራል፣ አናቱ ላይ እንጨት ይታጠራል። የዌርሃምን ቡርህ በደቡብ የፍሮም ወንዝ ስለሚጋርደው የአፈር ካቡ የተሠራው በሦስት ጎን ብቻ ነው፤ ዛሬም ይታያል።

ዕቅድና ሥራ ግን ለየቅል ናቸው። በ892 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ኬንት የገቡት ቫይኪንጎች ያገኙት ምሽግ በግማሽ የቀረ ነበር፣ ውስጡም ጥቂት ገበሬዎች ብቻ ነበሩ። ጠባቂ የሌለው ካብ ማንንም አያቆምም።

የአልፍሬድ ልጆች ግን መከላከያውን ማጥቂያ አደረጉት። ኤድዋርድና የጎረቤቷ የመርሲያ እመቤት ኤቴልፍሌድ ያዝ ባደረጉት መሬት ላይ ቡርህ እየተከሉ ወደ ሰሜን ገፉ፤ እሷ በ917 ደርቢን፣ በ918 ሌስተርን ያዘች። ቡርሆች የንግድ ቦታም ነበሩ፤ በ927 ዮርክን የያዘው የኤድዋርድ ልጅ አቴልስታን ከ20 ፔኒ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ከከተማ ውጭ እንዳይሸጥ ደነገገ። ሐሰተኛ ሳንቲም የመታ አንጥረኛም እጁ ተቆርጦ ገንዘብ መምቻው ቤት ላይ ይሰቀል ነበር።