ራምፑ የሚዘረጋበት ቦታ፦ ትልልቅ ተሽከርካሪዎችና የአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ በአሜሪካ የመዝናኛ ፓርኮች

ለአካል ጉዳተኞች የተለየ የመኪና ማቆሚያ ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሰማያዊው ምልክትና ወደ በሩ ቅርበት ነው። ቅርበቱ ግን የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው። ዊልቸር የሚጭን ቫን የጎን በሩን ከፍቶ ራምፑን፣ ማለትም ወንበሩ የሚወርድበትን ተዳፋት መሻገሪያ፣ ሲዘረጋ፣ ራምፑ ብቻውን ከአንድ ሜትር በላይ ቦታ ይይዛል። ወንበሩ ከራምፑ ወርዶ ለመዞር ደግሞ ሌላ የዚያኑ ያህል ይፈልጋል። ይህ ክፍት ቦታ ከሌለ ቫኑ ከፓርኩ በር ሥር ቢቆምም ተሳፋሪው መውረድ አይችልም። ወደ አሜሪካ የመዝናኛ ፓርኮች ቤተሰቡ በቫንና በካምፐር (መኝታና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና)፣ ተማሪውና ምእመኑ በአውቶቡስ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ የማቆሚያው ስፋትና ከፍታ ከቅርበቱ እኩል ክብደት አለው።

የሕጉ መሠረት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ ጁላይ 26 ቀን 1990 የፈረሙት የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ሦስተኛ ክፍሉ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የግል ድርጅቶችን ሲዘረዝር የመዝናኛ ፓርኮችን በስም ይጠራል። ዝርዝር ልኬቶቹ የሚገኙት ከማርች 15 ቀን 2012 ጀምሮ ግዴታ በሆነው የ2010 ስታንዳርድ ውስጥ ነው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። እስከ 25 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ አንድ ቦታ ለአካል ጉዳተኛ ይለያል፤ ቁጥሩ እያደገ ሄዶ ከ501 እስከ 1000 ለሚይዝ ማቆሚያ ከመቶ ሁለት ይደርሳል። ከ1000 በላይ ለሚይዝ ደግሞ 20 ቦታ፣ ከዚያም ከሺው በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ መቶ አንድ ቦታ ይታከላል። በዚህ ስሌት 10,000 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ 110 ቦታ ይለያል ማለት ነው።

ከእነዚህ ቦታዎች ውስጥ ከየስድስቱ አንዱ ለቫን የሚበቃ መሆን አለበት። የቀድሞው የ1991 ስታንዳርድ የሚጠይቀው ከየስምንቱ አንዱን ነበር። በምሳሌያችን 110 ለስድስት ሲካፈል ከ18 ትንሽ ያልፋል፤ ሕጉ ጎደሎውን ወደ ላይ ስለሚሞላ 19 የቫን ቦታ ይሆናል። አሥር ሺህ መኪና በሚያስተናግድ ሜዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ብዙ አይደለም። በበዓል ሰሞን ረፋዱ ላይ የሚደርስ ቤተሰብ ይህን ያውቃል፤ በማለዳ የሚነሣውም ለዚህ ነው።

ልኬቱን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለአካል ጉዳተኛ የተለየ የተራ መኪና ቦታ ስፋቱ ቢያንስ 2.44 ሜትር፣ ከጎኑ ያለው መተላለፊያ ደግሞ 1.52 ሜትር ነው። መተላለፊያው ሰያፍ መስመር የተሰመረበት፣ መኪና የማይቆምበት ባዶ ቦታ ነው። ለቫን ሁለት አማራጭ አለ፦ ወይ ቦታው 3.35 ሜትር ሆኖ መተላለፊያው 1.52 ሜትር ይሆናል፣ ወይ ሁለቱም እኩል 2.44 ሜትር ይሆናሉ። ድምሩ በሁለቱም መንገድ 4.88 ሜትር፣ በአሜሪካ መለኪያ 16 ጫማ ነው። ቦታውን አስፍቶ መተላለፊያውን ማጥበብ ለምን እንደተመረጠ ለማወቅ በአንድ የተጨናነቀ ቀን ማቆሚያ ውስጥ መዞር ይበቃል፤ 2.44 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ አንድ መኪና በልኩ ይይዛልና፣ የቸኮለ ሰው የተሰመረውን መስመር ረግጦ ይቆምበታል። 1.52 ሜትር ግን መኪና አያስገባም። የመሬቱም ነገር አለ፦ ቦታውም መተላለፊያውም ከ48 አንድ በላይ ማዘንበል የለባቸውም። ተዳፋት ላይ ፍሬኑ ያልተያዘ ወንበር ወደየት እንደሚንከባለል ማንም ያውቀዋል።

የከፍታው ጥያቄ ከተሽከርካሪዎቹ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዊልቸር የሚያነሣ ማንሻ የተገጠመለትን ቫን በአሜሪካ ካስፋፉት ሰዎች ቀዳሚው የኢንዲያና ተወላጅ ራልፍ ብራውን ነው። ብራውን ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ስለነበረበት መጀመሪያ ለራሱ የሚሆን መሣሪያ ሠራ፤ በኋላም በ1972 ዊናማክ በምትባል ትንሽ ከተማ ድርጅቱን አቋቋመ። በማንሻ የሚሠሩት ትልልቅ ቫኖች፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንዲገባ ጣሪያቸው ብዙ ጊዜ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ወለላቸው ዝቅ ብሎ ራምፕ የተገጠመላቸው ትንንሾቹ ቫኖች በየቦታው ከተስፋፉ በኋላም ባለ ከፍተኛ ጣሪያዎቹ አልቀሩም፤ ከባድ የኤሌክትሪክ ወንበር ያለው ሰው ዛሬም ይፈልጋቸዋል። ባለ ፎቅ ማቆሚያዎች ግን በአብዛኛው ለተራ መኪና የተሠሩ ናቸው፤ የጣሪያቸው ዝቅተኛ ከፍታ ብዙ ጊዜ 2.1 ሜትር አካባቢ ነው። ሕጉ የቫን ቦታውም፣ ቫኑ ወደዚያ ገብቶ የሚወጣበትም መንገድ በሙሉ ቢያንስ 2.49 ሜትር ክፍት ከፍታ እንዲኖረው ያዛል። ሕንፃውን በሙሉ ከፍ ማድረግ ስለሚከብድ የቫን ቦታዎቹን በአንድ ፎቅ ላይ መሰብሰብ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ምድር ቤቱ ላይ ነው።

ፓርኮቹ ራሳቸው ከሰፊ ሜዳ ወደ ባለ ፎቅ ማቆሚያ የተሸጋገሩበት ታሪክ ይህን ሁሉ ያወሳስበዋል። በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ በ1955 የተከፈተው ዲዝኒላንድ ለአሥርት ዓመታት ከደጃፉ ፊት ለፊት የተዘረጋ ትልቅ የመኪና ሜዳ ነበረው። በ2001 በዚያው ሜዳ ላይ ሁለተኛ ፓርክ ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት በ2000 ወደ 10,000 መኪና የሚይዝ ባለ ብዙ ፎቅ ማቆሚያ ተሠርቶ ነበር። ጣሪያ ሥር የማይገቡት አውቶቡሶችና ካምፐሮች ግን ለብቻው ወዳለ ክፍት ሜዳ ይላካሉ፤ ከዚያ ወደ በሩ የሚያደርሰው ማመላለሻ ነው። በፍሎሪዳ በኦክቶበር 1971 የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ በሌላ ዕቅድ ነው የተሠራው። በውስጡ ካሉት ፓርኮች አንዱ የሆነው የማጂክ ኪንግደም ጎብኚ መኪናውን የሚያቆመው ከፓርኩ ከአንድ ማይል በላይ ርቆ፣ ከሰው ሠራሽ ሐይቅ ማዶ ነው። ከዚያ ወይ በሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሄድ ባቡር) ወይ በጀልባ ይሻገራል፤ ሁለቱም ሰውን ከነዊልቸሩ ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ለአካል ጉዳተኛው ወሳኙ ክፍል ሐይቁ አይደለም፤ ከመኪናው እስከ ሞኖሬሉ ያለው የሜዳው ርቀት ነው። በማቆሚያው ውስጥ ሰው የሚያጓጉዙት ባለ ብዙ ፉርጎ ማመላለሻዎች ሁሉ ከባዱን የኤሌክትሪክ ወንበር አይጭኑም። ለዚህ ነው የተለየው ቦታ ከመሳፈሪያው በአጭሩ መንገድ እንዲገናኝ የሚደረገው።

ትልቅ ሜዳ አሞላል ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። አስተናባሪዎች ባለ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው እጃቸውን እያወዛወዙ መኪናውን ሁሉ አንዱን ከአንዱ አስጠግተው በተራ ይደረድራሉ። አካል ጉዳተኛ የያዘ ሹፌር ገንዘብ በሚከፍልበት ዳስ ላይ የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ ካርዱን አሳይቶ ካልተናገረ፣ ከጅረቱ ጋር ወደ ተራው ረድፍ ይፈስሳል፤ አንዴ ከገባ መመለሻ የለውም። በሜዳዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሰያፍ አቋቋምም ትኩረት ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ በተሰመረ ቦታ ላይ ቫን መተላለፊያው ከፈለገበት ጎን እንዲውል በፊትም በኋላም መግባት ይችላል። በሰያፍ በተሰመረ ቦታ ግን የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሕጉ በሰያፍ የቫን ቦታ መተላለፊያው በተሳፋሪው ወገን፣ ማለትም በቀኝ በኩል፣ እንዲሆን ያስገድዳል። ራምፑ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጎን ነውና።

አውቶቡስ ሲመጣ ሕጉ ሌላ መንገድ ይዟል። ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ብቻ የተለየ ማቆሚያ የአካል ጉዳተኛ ቦታ እንዲኖረው አይገደድም፤ ሕዝብ የሚገባበት ከሆነ ግን ለዊልቸር ምቹ የሆነ የተሳፋሪ ማውረጃ ሊኖረው ይገባል። ማውረጃው 6.1 ሜትር ርዝመትና 2.44 ሜትር ስፋት፣ ከጎኑም 1.52 ሜትር መተላለፊያ፣ ከላይ ደግሞ 2.9 ሜትር ክፍት ከፍታ ይፈልጋል። ሐሳቡ ትክክል ነው፦ አውቶቡስ ሰውን አውርዶ ይሄዳል፣ የትም ቢያድር ተሳፋሪውን አይጎዳም። አስቸጋሪው ማምሻ ላይ ነው፤ ፓርኩ ሲዘጋ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ፣ ማንሻው አንድን ወንበር አውጥቶ እስኪቆልፍ የሚወስደውን ደቂቃ የቡድኑ መሪ አስቀድሞ ካላሰበበት አውቶቡሱ ማውረጃውን ይዘጋል፣ ከኋላው ያለው ይንጫጫል።

ካምፐር ግን ከሁለቱም መካከል የወደቀ ነው። ትልቁ ካምፐር እስከ 13.7 ሜትር ይረዝማል፣ 2.59 ሜትር ይሰፋል፣ ወደ 4 ሜትር ይቆማል። ቫን አይደለም፣ 2.49 ሜትሩ ጣሪያ ሥር አይገባም፤ አውቶቡስም አይደለም፣ ሰውን አውርዶ የሚሄድ ቅጥር ሹፌር የለውም። እንደ ዊኒቤጎ ያሉ ፋብሪካዎች የዊልቸር ማንሻ የተገጠመለት ካምፐር ይሠራሉ፤ የፓርክ ማቆሚያን በሚመለከተው ስታንዳርድ ውስጥ ግን ለካምፐር የተለካ ቦታ የለም። በ2013 የወጣው የፌዴራል መንግሥት የካምፕ ቦታዎች መመሪያ ለካምፐር 6.1 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ለፌዴራል ይዞታዎች እንጂ ለግል መዝናኛ ፓርክ አይሠራም። በእኔ እምነት ይህ ክፍተት መሞላት አለበት። እስከዚያው ልምድ ያላቸው ቤተሰቦች ባለ ራምፑን ቫን ከካምፐሩ ኋላ እየጎተቱ ይሄዳሉ፤ ካምፐሩን ካምፕ ውስጥ ትተው ወደ ፓርኩ በቫኑ ይገባሉ። ዲዝኒ ዎርልድ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ ያለው ፎርት ዊልደርነስ ካምፕ ለዚህ ይመቻል፤ ካምፐሩን እዚያ አቁሞ ዊልቸር በሚጭነው የፓርኩ አውቶቡስ መሄድ ይቻላል።

በሌላ አገር አሠራሩ ይለያል። በብሪታንያ ለምሳሌ የአካል ጉዳተኛ መኪና ካርድ በ1971 ተጀምሯል፤ የግል ፓርክ ማቆሚያ ግን የሚተዳደረው በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ቁጥር ከመቁጠር ይልቅ ተገቢ ማስተካከያ አድርጉ ይላል። በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ በ2010 የተከፈተው ሞርጋንስ ዎንደርላንድ ደግሞ ከመነሻው ለአካል ጉዳተኞች ታስቦ የተሠራ ነው፤ እነሱን ያለ ክፍያ ያስገባል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በመኪና ማቆሚያ ከሚሠሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ያቺን ሰያፍ መስመር ከእነሱ በላይ የሚያውቃት የለም። መስመሯ ስትጣስ የሚሆነው ይህ ነው። ምሽት ላይ ቤተሰቡ ሲመለስ በመተላለፊያው ላይ ሌላ መኪና ቆሟል፤ ራምፑ አይዘረጋም። ሌላ የሚነዳ ሰው ካለ ቫኑን ወደ ኋላ አውጥቶ መኪና በሚተላለፍበት መንገድ መካከል ያቆመዋል፤ ራምፑ እዚያ ይወርዳል፤ ልጅ ወይም እናት በመብራቶቹ ፊት ወደ ላይ ይገፋሉ። ሹፌሩ ራሱ ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ከሆነ ግን የመኪናው ባለቤት እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የመጨረሻውን ርችት አይቶ ይመጣል።