በጎንደር የመንግሥት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሲከራከር፦ የትኛው ሕግ፣ የትኛው ፍርድ ቤት?

ጎንደር ውስጥ ከመንግሥት ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ብዙ ነው። የከተማ አስተዳደሩ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ ጤና ጣቢያዎቹ፣ ዩኒቨርሲቲው ከነሆስፒታሉ፣ ቴሌ፣ መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ ሁሉም የሰው ኃይል አላቸው። በሰፈር ወሬ ሁሉም «የመንግሥት ሥራ» ነው። ክርክር ሲነሳ ግን ሁሉም በአንድ ሕግ አይዳኝም። ሠራተኛው በደል እንደተፈጸመበት ከማስረዳቱ በፊት የቀጠረው ማን እንደሆነና ጉዳዩን ማን እንደሚያይለት ማወቅ አለበት። ብዙ መዝገብ የሚዘጋው ሰውየው ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም። ሥልጣን የሌለው ቦታ ስለሄደ ወይም ጊዜው ስላለፈበት ነው።

በከተማ አስተዳደሩ፣ በክፍለ ከተማና በቀበሌ የሚሠሩ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአማራ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። ይግባኛቸውም የሚታየው በክልሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የፌዴራል ተቋም ነው። በ1947 ዓ.ም. በጤና ማሠልጠኛነት ሲጀመርም የማዕከላዊው መንግሥት ነበር። የአስተዳደር ሠራተኞቹ በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሥር ናቸው። መምህራኑን በተመለከተ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። ቴሌ፣ መብራት ኃይልና ንግድ ባንክ ግን የልማት ድርጅቶች ናቸው። ሠራተኞቻቸው እንደ ግል ድርጅት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛሉ። ክርክራቸውም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ፖሊሶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ሥርዓቱ ዛሬ የመጣ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥርና አስተዳደር በአንድ ማዕከል ሥር ያደረገው በ1954 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 23 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 515/1999 በ1064/2010 ተተካ፤ እሱም በተራው በ1353/2017 ተተክቷል። ስለዚህ የቆየ ጉዳይ የያዘ ሰው ድርጊቱ ሲፈጸም የትኛው አዋጅ ይሠራ እንደነበር አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

አብዛኛው ክርክር ከዲሲፕሊን ይነሳል። በአዋጅ 1064 ቅጣቱ ስድስት ደረጃ ነበረው። የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ ቀላል ቅጣቶች ናቸው። እስከ ሦስት ወር ደመወዝ መቀጮ፣ ከደረጃና ከደመወዝ ዝቅ ማድረግና ከሥራ ማሰናበት ከባድ ይባላሉ። ከባድ ቅጣት በአለቃ ስሜት የሚጣል አይደለም። ክሱ በጽሑፍ ሊደርሰው፣ መልስ ሊሰጥና ምስክር ሊያቀርብ ይገባል። ጉዳዩን የዲሲፕሊን ኮሚቴ አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያቀርባል። ይህን ዝርዝር ሥነ ሥርዓት ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የደነገገው ደንብ ቁጥር 77/1994 ነው። በዚሁ አዋጅ 1064 ሠራተኛው ምርመራ ላይ እያለ ሊታገድ ይችል ነበር፤ እገዳው ግን ከሁለት ወር አይበልጥም ነበር። መጨረሻ ላይ ካልተሰናበተ የተያዘበት ደመወዝ ያለ ወለድ ይመለስለት ነበር።

እዚህ ላይ ሰዎች በጣም የሚደናገሩበት ነገር አለ። በወንጀል ነጻ የወጣ ሠራተኛ በዲሲፕሊንም ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ ይሄዳሉ። መሥሪያ ቤቱም የወንጀሉን ፍርድ መጠበቅ የለበትም።

ከዲሲፕሊን ውጭ ያለ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ደረጃ ዕድገት ወይም ዝውውር፣ መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መታየት አለበት። ይህን ዘሎ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መሄድ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልሳል። የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፍሬ ነገርን፣ ማለትም በእርግጥ ምን እንደተፈጸመ፣ በተመለከተ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ይግባኝ የሚቻለው የሕግ ስህተት ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ምስክርና ሰነድ በጊዜው ያላቀረበ ሰው በኋላ ማሟያ ዕድል አያገኝም።

ከሁሉም በላይ የሰበር ችሎት አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ያርማል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ ደግሞ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልልንም የፌዴራልንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ አንድ የሰበር ውሳኔ የጎንደርን ቀበሌ ሠራተኛ ጉዳይ ሊወስን ይችላል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል። የሰው ሀብት ክፍሎች ቢያነቧቸው ብዙ ስንብት ገና ከመጻፉ በፊት ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ ራሱ ሠራተኛውን የጨቆነበት ጊዜም አለ። የገቢዎችና ጉምሩክ ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 155/2000 በሙስና የተጠረጠረ ሠራተኛን ያለ መደበኛ የዲሲፕሊን ሂደት ማሰናበት ይፈቅድ ነበር። የተሰናበተውን ወደ ሥራ የመመለስ ሥልጣንም ማንም ዳኛ እንዳይኖረው አድርጎ ነበር። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መስመር የሚሠሩ የጉምሩክ ሠራተኞችም በዚህ ሥር ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። በጥርጣሬ ብቻ እንጀራን ቆርጦ የአቤቱታን በር መዝጋት ከዚህ ጋር አይሄድም።

የልማት ድርጅት ሠራተኛ መንገድ በአንጻሩ አጠር ይላል። ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ግን ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ወደ ሥራ ይመለስ ካለ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል።

ለዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ርቀትም ሌላ ጣጣ ነው። የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደመወዙ ለተቋረጠበት ሰው የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት የስንብት ደብዳቤውን፣ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃና የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ አሟልቶ መያዝ አለበት።