«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ድሩ ምንድን ነው?

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ርዕሰ መምህሩ ንግግር ጽፈው ነው የመጡት። መድረኩ ላይ ከወጡ በኋላ ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ድር ቢያብር...» ብለው ዝም አሉ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አንበሳ ያስር!» አለ። እኔም እንባ ተናነቀኝ። ሺህ ጊዜ የሰማሁት ተረት ነው፤ የዚያን ቀን ግን አዲስ ሆነብኝ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለመሆኑ ድሩ የምን ድር ነው?

ብዙዎቻችን የሸረሪት ድር ነው የምንል ይመስለኛል። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎምም በሸረሪት ድር ነው የሚታወቀው። ስህተት አይደለም፤ ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል። ሸማኔ ጋ ስትሄዱ ግን ድር ማለት በቁመት የሚወጠረው ክር ነው። በአግድም የሚገባው ደግሞ ማግ ይባላል። የማይለያዩ ሰዎችን «እንደ ድርና ማግ» የምንላቸው ከዚያው ከሽመናው ወስደን ነው። እኔ ወደ ሸማኔው ድር አደላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከባዘቶ ላይ አንዲት ቀጭን የጥጥ ፀጉር መዝዛችሁ እዩ። ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ሳብ ካደረጋችኋት ትበጠሳለች። ከነዚህ አጫጭር ነገሮች ነው እንግዲህ ብዙ ሜትር የሚሄድ ክር የሚወጣው። ሙጫ የለውም፤ አንዷን ከአንዷ ጋር የሚቋጥርም የለም። እንዝርቱ ሲያከር፣ አንዷ ሳታልቅ ሌላዋ ጎኗ ጀምራለች፣ ያቺ ሳታልቅ ደግሞ ሦስተኛዋ ገብታለች፣ እንዲህ እየተደራረቡና እየተጠማዘዙ ይያያዛሉ። ክሩን ስትስቡት ደግሞ ይበልጥ ተጫጭነው ይያያዛሉ። ከክሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የምትደርስ ፀጉር አንዲትም የለችም። ክሩ ግን አለ።

የኛም ዓመት እንደዚህ ነበር።

በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከ190 በላይ አገሮች ውስጥ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን በር ነው የዘጋው። እኛም ዘጋን። ከዚያ በፈረቃ ተመለስን፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ መምህሩ አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ ማስተማር ጀመረ። የታመመ ነበረ፣ ሰው የሞተበት ነበረ፣ ሥራውን ያጣ ወላጅ ነበረ።

ያንን ዓመት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሸከመ አንድ ጀግና ብትጠይቁኝ ስም መጥራት አልችልም። መጀመሪያ ላይ ወጣት መምህራን ነበሩ ሥራውን የያዙት፤ በስልክ የቤት ሥራ እየላኩ፣ ስልክ ለሌለው በወረቀት እያባዙ። እነሱ ሲዝሉ ወላጆች ገቡ፤ አንዲት እናት ለሦስት ልጆቿ በአንድ ስልክ ተራ አውጥታ ስታበቃ የጎረቤት ልጅም ጨመረችበት። ወላጆች ሲጨንቃቸው ደግሞ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ማስጠናት ጀመሩ። ሁሉም የሆነ ቦታ ላይ ደክሞታል። ደግነቱ ሁላችንም በአንድ ቀን አልደከምንም።

ለዚህ ነው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ከሚለው ይልቅ ይኼኛው የሚስማማን። ሎሚው ላይ ሸክም ተካፍሎ እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ክር ላይ ግን አንዷ የለቀቀችውን ሌላዋ ትይዛለች።

ቃሉንም ተመልከቱት። «ቢያብር» የመጣው «አበረ» ከሚለው ነው፤ መነሻው የግዕዙ «ኀበረ»። ኅብረት፣ ማኅበር፣ ትብብር ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። «የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ» ስንል ሳናስበው ያንኑ ተረት እየጠራን ነው። ወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥም አለ። «ያስር» ደግሞ በዕለት ንግግራችን «ያስራል» የምንለው ነው፤ እንዲህ ባጭሩ ሲሆን «ቢያብር» ከሚለው ጋር ቤት ይመታል። አፍ ላይ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው። አንዱ ሲጀምረው ሌላው ሳይጨርሰው አያልፍም።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ይህን ተረት ብቻውን ለቀረ ሰው «በርታ» ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ። ሥራ የተቆለለባትን አንዲት መምህርት «ድር ቢያብር» ብሎ ትከሻዋን መታ አድርጎ መሄድ ምን ይባላል? «ቢ» የምትለዋን ፊደል መዝለል ነው። ካበረ ነው አንበሳው የሚታሰረው። ለብቸኛ ሰው ከመንገር በፊት አጠገቡ መቆም ይቀድማል።

በዚያው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ደብተር ሳርም አንዱ ላይ ቆምኩ። የልጁን ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። መሃል ላይ ሲደርስ ድንገት ክብ ክብ፣ ንጹሕ ጽሕፈት ሆነ። ከአራት ገጽ በኋላ ደግሞ ርዕሶቹ በቀይ የተሰመሩበት ሌላ እጅ። ከዚያ ወደ ግራ ያጋደለው ተመለሰ። እናቱ ታማበት ከትምህርት ቤት ቀርቶ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሁለት ጓደኞቹ ደብተሩን ወስደው በየፈረቃቸው ሲጽፉለት ከርመዋል። ክፍልፋይ ያስተማርኩበት ገጽ ኅዳግ ላይ አንደኛዋ በእርሳስ እንዲህ ብላለች፦ «እዚህ ጋ እኔም አልገባኝም። ስትመጣ ቲቸርን አብረን እንጠይቃለን።»

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሦስቱም ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ነበር።