አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ መምራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የራሱን ቢሮ ሊከፍት ያሰበ አርክቴክት ምክር አያጣም። ችግሩ ከሚሰማው ምክር ብዙው ስህተት መሆኑ ነው። እነዚህ ደጋግሜ የምሰማቸው፣ ጎበዝ ባለሙያዎችን ሳይቀር ቢሮ ሲያዘጉ ያየኋቸው ናቸው።

«ዲዛይን ከቻልኩ ቢሮው በራሱ ይሄዳል»

ዲዛይን መቻል ግድ ነው። ግን ሁለትና ሦስት ሰው ባለበት ቢሮ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ንድፍ ላይ አይውልም። ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ ደንበኛ ያናግራል፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ያስታውሳል፣ ግብሩን ያወራርዳል፣ ከመሐንዲሶች ጋር ይናበባል። ትልልቅ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ሰው ይቀጥራሉ። እዚህ ግን ሁሉም የሚያርፈው አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነው። ይህን ሁሉ «የወረቀት ጣጣ» ብሎ የሚያሳድር ሰው፣ ሥራው ሲከመርበት የሚሠዋው ያንኑ የሚወደውን የዲዛይን ሰዓት ነው። ለወረቀቱ ሥራ በሳምንት ቁርጥ ያለ ቀን መመደብ ዲዛይኑን ያድነዋል።

«የሰዓት ዋጋዬ የዓመት ወጪዬ ለሥራ ሰዓቴ ሲካፈል ነው»

ይሄ ስሌት ትክክል ይመስላል፤ ብዙ ቢሮ የሚደማው ግን እዚህ ላይ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። በሳምንት 40 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 2,080 ሰዓት ይሆናል። ለዕረፍት፣ ለበዓላትና ለሕመም አምስት ሳምንት ያዙ። 200 ሰዓት ወጣ፣ 1,880 ቀረ። ከቀረው ደግሞ ሲሶው ማንም በማይከፍልበት ሥራ ያልቃል እንበል፤ ሳይገኙ ለቀሩ ሥራዎች የተጻፈ ፕሮፖዛል፣ ስልክ፣ ሒሳብ፣ ሥልጠና። ደንበኛ የሚከፍልበት ሰዓት ወደ 1,250 ወረደ ማለት ነው።

ስለዚህ የራሱን ደመወዝ ጨምሮ የዓመቱን ወጪ ለ2,080 ያካፈለ ሰው የሚያስከፍለው ከሚያስፈልገው 60 በመቶውን ብቻ ነው። ትርፍ ደግሞ ገና አልተነሳም። የጎደለውን የሚሞላው ከእንቅልፉና ከቤተሰቡ ጊዜ ቀንሶ ነው።

ሲሶ ያልኩት ለምሳሌ ነው። የእናንተን የምታውቁት ሰዓታችሁን ስትመዘግቡ ነው። የሰዓት ክፍያ ባትጠይቁም፣ በጠቅላላ ዋጋ ብትዋዋሉም መዝግቡ። ያለፈው ሥራ ስንት ሰዓት እንደፈጀ የማያውቅ ሰው ለሚቀጥለው ዋጋ የሚሰጠው በግምት ነው።

«ትንሽ ሥራ ትንሽ ድካም ነው»

ክፍያን ከግንባታው ወጪ በመቶኛ አስልቶ መጠየቅ የተለመደ ነው። አዲስና ትልቅ ሕንፃ ላይ ያስኬዳል። አሮጌ ቤት ማደስ ላይ ግን ወጪው ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ ስለሆነ ጉድ ይሠራል። ያለውን ቤት ለክታችሁ መሳል አለባችሁ። ግድግዳው ቀጥ አይልም፤ ኮርኒሱ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ይወጣል። ደንበኛው እዚያው እየኖረ ስለሆነ በየቀኑ ጥያቄ አለው። ለእድሳት ሥራ ዋጋ የሚቆረጠው በሚፈጀው ሰዓት ነው።

«ትንሽ ለውጥ በነጻ ብትሠራ ምን አለበት?»

«ይቺን የወጥ ቤት ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ገፋ አድርጉልኝ» ይላል ደንበኛው፤ ከልቡ ቀላል መስሎት ነው። ግድግዳው ሲገፋ በሩ ከኮለኑ (ከምሰሶው) ጋር ይጋጫል። ስትራክቸራል መሐንዲሱ ቢሙን (ጭነት የሚሸከመውን አግዳሚ) እንደገና ያየዋል። የውኃ መስመሩ ቦታ ይቀይራል፤ ሶኬቶቹም እንዲሁ። ፕላኑ፣ ሴክሽኑ (ሕንፃው ተቆርጦ የሚታይበት ንድፍ)፣ የበርና መስኮት ዝርዝሩ፣ የሥራ መጠን ስሌቱ ሁሉም ይነካል። አንዱ ሉህ ሳይታረም ከቀረ ኮንትራክተሩ በአሮጌው ይሠራል፤ ማፍረስ ይመጣል።

ለውጥ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው። ሳይት ላይ በቃል «እሺ፣ እናየዋለን» ማለት ግን አይጠቅመውም። ቢሮ ተመልሳችሁ ለውጡ ስንት ሰዓትና ስንት ክፍያ እንደሚጨምር በአጭር ደብዳቤ ንገሩት። ብዙ ጊዜ ደንበኛው ራሱ «እንግዲያው ይቅር» ይላል።

«ከወዳጅ ጋር ውል አያስፈልግም»

እንዲያውም ከወዳጅ ጋር ነው የሚያስፈልገው፤ ገንዘቡ ሲያጣላ ወዳጅነቱም አብሮ ይሄዳልና። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ምን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደማትሠሩ፣ ስንት ዙር ማሻሻያ እንደሚካተት፣ ክፍያው መቼ እንደሆነ፣ ሥራው ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ፣ ንድፉን ለሌላ ቦታ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ይጻፍ። «የማንሠራው» የሚለውን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል። ጭቅጭቅ የሚነሳው ግን ከዚያው ነው።

«ክፍያ ሥራው ሲያልቅ ነው»

ሥራ ሞልቶት ደመወዝ መክፈል የሚያቅተው ቢሮ ብዙ ነው። የእንግሊዝ አርክቴክቶች ተቋም ሪባ በ1963 ያወጣው የሥራ ዕቅድ ሥራውን በደረጃ ይከፍለዋል፤ በ2020 የታደሰው ከ0 እስከ 7 ስምንት ደረጃ አለው። ክፍያንም እንዲሁ በደረጃ መከፋፈል ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር በፊት ደግሞ ቅድመ ክፍያ። አንድ ነገር አደራ፦ ክፍያችሁን በሌላ ሰው እጅ ካለ ነገር ጋር አታስሩት። «ፈቃድ ሲወጣ ይከፈላል» የሚል አንቀጽ የእናንተን ደመወዝ ለማታዝዙት መሥሪያ ቤት ይሰጣል። «ንድፉን ስናስረክብ» በሉት።

«ግንባታ ሲጀመር የእኛ ሥራ አለቀ»

ከሪባ ስምንት ደረጃዎች ሦስቱ ግንባታ፣ ርክክብና አጠቃቀም ናቸው። ሳይት ካልወጣችሁ ዝርዝሩን ፎርማኑ ይወስንላችኋል። ክትትሉን ግን ዋጋ ሰጥታችሁ ውሉ ውስጥ አስገቡት።

«ትንሽ ቢሮ ማለት ገና ያላደገ ቢሮ ነው»

ይህን አባባል አልወደውም። አውስትራሊያዊው ግሌን መርከት ሠራተኛ ሳያበዛ አብዛኛውን ዘመኑን ብቻውን ሠርቶ በ2002 የአርክቴክቶች ትልቁ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን አግኝቷል። በ2009 የተሸለመው ፒተር ዙምቶርም የሚሠራው ሃልደንስታይን በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ካለ አነስተኛ ቢሮ ነው። የእነሱ ዝና ለሁሉም አይደርስም፤ ግን ትንሽነት ምርጫ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ሰው በተቀጠረ ቁጥር ባለቤቱ ከንድፍ ይርቃል፤ ደመወዝ ለመክፈል ሲል የማያምንበትን ሥራም ይቀበላል። ትልቅ ሥራ ሲመጣ ሌላም መንገድ አለ። መርከት ራሱ በ1999 የተጠናቀቀውን የአርተርና ኢቮን ቦይድ የትምህርት ማዕከል የሠራው ከዌንዲ ሉዊንና ከሬግ ላርክ ጋር ሆኖ ነው። ሁለት ትናንሽ ቢሮዎች ለአንድ ሥራ ተጣምረው፣ ማን የቱን እንደሚሠራ፣ ማን ከደንበኛው ጋር እንደሚነጋገርና ለስህተት ማን እንደሚጠየቅ አስቀድመው ከተፈራረሙ፣ ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም ወደየቢሯቸው ይመለሳሉ።