ማዮሜክቶሚ ምንድን ነው? ማህፀንን ሳያወጡ ማዮማን ማውጣት

ማዮሜክቶሚ ማዮማውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን መልሶ ሰፍቶ በቦታው የሚተው ቀዶ ሕክምና ነው። ማህፀኑን ጭምር የሚያወጣው ሂስተሬክቶሚ ይባላል። ሁለቱ ስሞች ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ በፈቃድ ወረቀት ላይ ግን ልዩነታቸው መውለድ የመቻልና ያለመቻል ነው። ከመፈረምዎ በፊት የትኛው እንደተጻፈ ይጠይቁ፣ ይነበብልዎም።

ማዮማ፣ ብዙ ሰው የማህፀን እጢ የሚለው፣ ከማህፀን ጡንቻ ተነሥቶ የሚያድግ ጠጣር እብጠት ነው። ካንሰር አይደለም። «እጢ» የሚለው ቃል ብቻውን ቤተሰብ ስለሚያስለቅስ ይህን ደግመን እንላለን፦ ካንሰር አይደለም፤ ማዮማ መስሎ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት የሴት ሆርሞኖች ስለሚያሳድጉት በመውለጃ ዕድሜ ይገናል፣ ካረጡ በኋላ ይሟሽሻል። ምስር የሚያክል አለ፣ ሐብሐብ የሚያክልም አለ። አንዷ አንድ ብቻ ይኖራታል፣ ሌላዋ ሃያ። ብዙው ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል፤ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ክትትል እንጂ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት የምርመራ ማዕከላት የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሴንቲ ሜትሩ ላይ ነው። 8 ሲል ድንጋጤ፣ 2 ሲል እፎይታ። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሕክምናውን የሚወስነው ከመጠኑ ይልቅ እጢው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ማህፀንን ወፍራም ግድግዳ ያላት ጠባብ ክፍል አድርገው ያስቧት። ወደ ክፍሏ ውስጥ ገፍቶ የወጣው ማዮማ ሰብሙኮዛል፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ኢንትራሙራል፣ ወደ ውጭ ያበጠው ሰብሴሮዛል ይባላል። ወደ ውስጥ የገፋ 2 ሴንቲ ሜትር ማዮማ በየወሩ ደም እያፈሰሰ ሴትን አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ወደ ውጭ ያበጠ 8 ሴንቲ ሜትር ግን ሆድ ከማክበዱ በስተቀር ምንም ላያደርግ ይችላል። ሐኪሞች ይህንኑ ቦታ ከ0 እስከ 8 በቁጥር ይመድቡታል፦ 0፣ 1 እና 2 ወደ ውስጥ የገፉት፣ 3 እና 4 በግድግዳው ውስጥ ያሉት፣ ከ5 እስከ 7 ወደ ውጭ የወጡት ናቸው፤ 8 ደግሞ እንደ ማህፀን አንገት ባለ ሌላ ቦታ የሚገኘው ነው።

ስለዚህ «መልቲፕል ማዮማ» ብሎ የሚያልቅ ወረቀት ለውሳኔ አይበቃም። ስንት እንደሆኑ፣ የትልልቆቹ ልክ፣ የእያንዳንዳቸው ቦታ፣ የማህፀኑን ውስጠኛ ክፍተት ያጣመሙ መሆን አለመሆናቸው መጻፍ አለበት። ማህፀኑ በጣም ከገነነ ኩላሊቶቹም አብረው ይታዩ፤ ትልቅ ማዮማ የሽንት ቱቦን ተጭኖ ያለ ምንም ሕመም ኩላሊትን ሊያሳብጥ ይችላል። አልትራሳውንዱ በሆድ በኩል ሲታይ ፊኛ መሙላት አለበት፤ በብልት በኩል የሚደረገው ግን ትንንሾቹንና የውስጠኛውን ክፍተት አጥርቶ ያሳያል። እጢዎቹ ብዙ ሲሆኑና ማህፀኑን ለማትረፍ ሲታሰብ ኤምአርአይ ካርታ ይሆናል።

መታከም ያለበት የቱ ነው? የወር አበባዋ ከ7 ቀን የሚያልፍ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የምትቀይር፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል የረጋ ደም የሚወጣት ሴት ችግሯ «የሴት ልጅ ነገር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ፣ ቆማ የሚያዞራት፣ በረዶ ወይም አፈር መብላት የሚያምራት ከሆነ ደሟ ሳይወርድ አይቀርም። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ የሆድ ድርቀት፣ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ ክፍተቱን ያጣመመ እጢ ባለበት እርግዝና እንቢ ማለትም ምክንያት ናቸው። ዕድሜዋ 45 የደረሰ ሴት ያልተለመደ ደም ካያት ግን ሁሉን ማዮማ ላይ ከመደፍደፍ በፊት ከማህፀን ሽፋኑ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ማዮማ መኖሩ ሌላ በሽታ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

እጢው የሚወጣበት መንገድም በቦታው ይወሰናል። ወደ ውስጥ የገፋው፣ በተለይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰው፣ ሆድ ሳይቀደድ በብልት በኩል በሚገባ ካሜራ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሂስቴሮስኮፒ ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ያስኬዳል። እዚህ ላይ የሚፈራው ማህፀኑን ለማስፋት የሚገባው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር መስረጉ ነው። ፈሳሹ ግላይሲን የተባለው ጨው አልባው ከሆነ 1 ሊትር፣ ጨዋማው ከሆነ 2.5 ሊትር ገደማ ከገባው ሳይመለስ ሲጎድል ሥራው ይቆማል፤ ቀሪው ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሽ የተባለች ሴት ሥራው የተበላሸባት አይምሰላት። በላፓሮስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ የሚሠራው ሕመሙ ያነሰ፣ ማገገሙ የፈጠነ ነው፤ ግን ማህፀኑን በካሜራ እያዩ በንብርብር መስፋት ልምድ ይጠይቃል። እጢው በማሽን ሲከተፍ ፍርፋሪው ሆድ ውስጥ እንዳይበተን በከረጢት ውስጥ መሆን አለበት፤ ያልታወቀ ካንሰር ቢኖር እንዳይሰራጭ በሚል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ጉዳይ ነው። እጢዎቹ ብዙ ወይም ትልልቅ ሲሆኑ ግን ሆድ ተከፍቶ መሠራቱ አሁንም አስተማማኙ መንገድ ነው። የሐኪሙ ጣት ካሜራ የማያየውን ትንሽ እጢ ዳስሶ ያገኛልና።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያሉት ሁለትና ሦስት ወራት የኦፕራሲዮኑን ያህል ይመዝናሉ። ማዮሜክቶሚ ደም የሚፈስበት ሥራ ነው፤ በሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 7 ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባችና በ12 የገባች ሴት አንድ አይደሉም። ማህፀኗን ይዛ ለመውጣት የምትፈልግ ሴት መጀመሪያ ደሟን ትሙላ። የብረት እንክብል በአግባቡ ሲወሰድ ሄሞግሎቢንን በሦስት ሳምንት 1 ነጥብ ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ግን የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ይረዳዋል፣ ቡናና ሻይ ደግሞ ያከሽፉታል። ጠዋት እንክብሉን ውጦ ወዲያው አቦል መጠጣት መድኃኒቱን ከሞላ ጎደል መጣል ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። በጾም ቀን እራት ከተበላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ይቻላል። ሰገራ ይጠቁራል፣ አያስፈራም። ሆድ የሚያስቸግራት ሴት ከምታቋርጠው ቀን እየዘለለች ብትወስደው ይሻላል። እንክብሉ ያልተስማማት ወይም ጊዜ ያጠረባት በደም ሥር የሚሰጠውን ብረት ትጠይቅ።

ደም እየሞሉ በሌላ በኩል ማፍሰስ ደግሞ ወንፊት ውስጥ ውሃ መጨመር ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ 1 ግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ደም በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ እስከ 4 ቀን ሲወሰድ ፍሰቱን ይቀንሳል። ከዚህ በፊት በእግር ወይም በሳንባ ደም ረግቶባት ለነበረ ሴት ግን አይሆንም። ከነማም ሆነ ሌላ መድኃኒት ቤት ገብቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት የማይገባውም ለዚህ ነው። በወር አንዴ የሚወጋው መርፌ፣ ለምሳሌ ሊውፕሮላይድ 3.75 ሚሊ ግራም፣ የወር አበባን አስቁሞ እጢውን ያጨማድደዋል። መርፌው ሲቆም እጢው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል፤ «ጠፋልኝ» ብሎ ቀጠሮ መቅረት ብዙዎችን የጎዳ ስሕተት ነው። ሐኪሞችም ለሁሉም አያዙትም፤ እጢውን ከጡንቻው የሚለየውን ድንበር ያደበዝዘዋል፣ ትንንሾቹንም ይሸሽጋቸዋል፣ እነሱ ደግሞ በኋላ ይገናሉ። ልጅ ለጊዜው የማትፈልግ፣ ክፍተቷ ያልተጣመመ ሴት ሆርሞን ያለው ሉፕ ደሟን ሊቀንስላት ይችላል፤ እጢውን ግን አያጠፋም።

በዕለቱ የሚሆነው ይህ ነው። ሆድ ከታች በአግድም ይቀደዳል፤ ማህፀኑ እምብርት ድረስ ከደረሰ በቁም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደሙ አስቀድሞ ይታሰራል፦ በማህፀኑ አንገት ዙሪያ የላስቲክ ቱቦ ይጠብቃል፣ ወይም ቫሶፕሬሲን በውሃ ቀጥኖ (20 ዩኒት በ100 ሚሊ ሊትር) ጡንቻው ውስጥ ይወጋል፣ ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ 400 ማይክሮ ግራም ሚሶፕሮስቶል ይሰጣል። ማህፀኑ እጢው ድረስ ይቀደዳል። ማዮማ ከዙሪያው ጡንቻ ጋር አልተዋሃደም፤ በቀጭን ሽፋን ተለይቶ ስለሚቀመጥ ትክክለኛው ድንበር ሲገኝ ተይዞ እየተሳበ ይፈለቀቃል። ድንበሩን የሳተ እጅ ጡንቻውን ይቀድዳል፣ ደሙም የሚበዛው ያኔ ነው። በአንድ ቅድ ብዙ እጢ ማውጣት ይመረጣል፤ በፊት ለፊት የተቀደደ ማህፀን በጀርባው ከተቀደደው ይልቅ ከቱቦና ከእንቁልጢ ጋር የመጣበቅ ዕድሉ ያነሰ ነው።

ሙያው የሚለካው ግን በስፌቱ ነው። እጢው የነበረበት ጉድጓድ በሁለት ወይም በሦስት ንብርብር፣ ባዶ ቦታ ሳይተው መዘጋት አለበት። ላይ ላዩን ብቻ ከተሰፋ ጉድጓዱ ደም ያቁራል፣ ያቆረው ይመረቅዛል፣ ጠባሳው ይሳሳል፤ የሳሳ ጠባሳ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ሊቀደድ ይችላል። የወጡት እጢዎች በሙሉ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ወደ ናሙና ምርመራ ክፍል፣ ይላካሉ። ናሙናውን ቤተሰብ ይዞ እንዲሄድ ከተነገረው ፎርማሊን ውስጥ መሆኑን አረጋግጦ፣ ሳያሳድር ያድርስ፤ ውጤቱንም ተመልሶ ይቀበል።

ስለ ፈቃዱ ቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ደሙ በምንም ካልቆመ ሕይወት ለማትረፍ ማህፀኑ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን ይደርሳል። ሐኪሙ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ፊርማ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከማህፀን በፊት ምን ምን እንደሚሞከር፣ ደም መዘጋጀቱንና ስንት ዩኒት እንደሆነ መጠየቅ መብት ነው፤ ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቆጣም። ማዮማ እንደገና ሊበቅል እንደሚችልም ይታወቅ፤ በተለይ ዕድሜዋ ገና ለሆነና እጢዋ ብዙ ለነበረ ሴት። ልጆቿን ወልዳ የጨረሰች፣ ድጋሚ ቢላ ማየት የማትፈልግ ሴት ሂስተሬክቶሚን ብትመርጥ ምርጫዋ ትክክል ነው፤ ማዮማው ዳግም የማይመለስበት መፍትሔ እሱ ብቻ ነውና። የምንቃወመው ሌላ መንገድ መኖሩ ሳይነገራት «ይውጣ» መባሏን ነው።

ሌላው አማራጭ፣ ዣክ ራቪና የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ከፓሪስ ይፋ ያደረጉት፣ በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም በትንንሽ ቅንጣቶች መዝጋት ነው። እጢው በወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቀን ሕመም ብርቱ ነው፤ ለመውለድ ለምታስብ ሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማዮሜክቶሚ ይቀድማል።

በአዲስ አበባ መሃል ከተማ ጋንዲ መታሰቢያ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያና ጥቁር አንበሳ የማህፀን ሕክምና ይሰጣሉ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ መሄድ፣ የቀድሞ አልትራሳውንዶችን ከነቀናቸው መያዝ ብዙ ምልልስ ያድናል፤ እጢው በስንት ጊዜ ስንት እንዳደገ የሚታየው ከእነሱ ነውና።

ሆድ ከተከፈተ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ሆስፒታል ይቆያል። በማግስቱ ተነሥቶ መራመድ ግድ ነው፤ በእግር ደም እንዳይረጋ። በመጀመሪያው ሁለት ቀን ትንሽ ትኩሳት የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ያበጠ አንድ እግር፣ ትንፋሽ ማጠር ግን ሳያድር ወደ ሆስፒታል ያስኬዳል። ለስድስት ሳምንት የውሃ ጀሪካን አይነሣም፣ ልብስ በእጅ አይታጠብም። ይህን ለባልም ለአማትም አስቀድሞ መንገር ይሻላል፤ ቁስሉ ከውጭ ቢድንም ማህፀኑ ገና ነው።

ለማርገዝ አብዛኛው ሐኪም ስድስት ወር ያህል ያስጠብቃል። ማህፀኑ በጥልቀት ከተቀደደ ወይም ክፍተቱ ከተከፈተ ምጥ ሳይጀምር በ37ኛው ወይም በ38ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን መውለድ ይመከራል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ ስንት እጢ ከየት እንደወጣ፣ ክፍተቱ ተከፍቶ እንደሆነና ወደፊት በምን መንገድ መውለድ እንደሚገባ የተጻፈበት ማጠቃለያ ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይም ያስቀምጡት። ባረገዙ ጊዜ በመጀመሪያው የነፍሰ ጡር ክትትል ያንን ወረቀት ያሳዩ። ከቀጠሮው በፊት ምጥ ወይም ድንገተኛ የሆድ ሕመም ከመጣ ደግሞ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሳይሆን ቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይሂዱ።