0.5 ማለት «ግማሹ» አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ የማስተርስ ጥናት የያዛችሁ መምህራን እየደጋገማችሁ ስለጠየቃችሁ ልመልሰው። «በኦንላይን ትምህርት በተማሪ ፍላጎትና በውጤት መካከል 0.5 ዝምድና (ኮሪሌሽን፦ ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ የሚያሳይ ቁጥር) ተገኘ» ሲባል የውጤቱ ግማሽ ከፍላጎት መጣ ማለት ነው?

አይደለም። ቁጥሩን በራሱ አባዙት፤ 0.25 ይመጣል። ተማሪዎቹ በውጤት ከሚለያዩበት ውስጥ 25 በመቶው ከፍላጎት ልዩነት ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ቀሪው 75 በመቶ የሌላ ነው፦ የቀድሞ ዕውቀት፣ የማስተማሪያ ዘዴው፣ የፈተናው ዓይነት። 0.3 ከሆነማ 9 በመቶ ብቻ ነው፤ አማካሪያችሁ ፊት «ከፍተኛ» ብላችሁ እንዳታፍሩ።

እስከዚህ ሒሳብ ነው፤ የትም አይቀየርም። «አብሮ ይሄዳል» ግን «አመጣው» አይደለም፤ የቱ የቱን እንዳመጣ እንደየሁኔታው ነው። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ያለች ተማሪ በኦንላይን በቀጥታ ስርጭት ስትማር ኔትወርክ እየቆረጠ ካስወጣት ፍላጎቷም ውጤቷም አብረው ይወርዳሉ፤ ሁለቱንም የጎተተው ኔትወርኩ ነው። ያው ትምህርት ተቀርጾ በቴሌግራም ቢላክላት ማታ አውርዳ ታየዋለች፤ ዝምድናውም ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

የትምህርቱ አሰጣጥ ፍላጎትንና ውጤትን ቀይሮ እንደሆነ ለማወቅ መጠይቅ አንዴ በትኖ መሰብሰብ አይበቃም። ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን በቀጥታ ስርጭት፣ ሌላውን በተቀረጸ ትምህርት ማስተማር፣ ፍላጎታቸውንም ውጤታቸውንም በፊትና በኋላ መለካት ይጠይቃል።