የተበላሸ የዋይፋይ ኮድን ስለ መመለስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሪቨርት ሽንፈት ነው፤ ጎበዝ ፕሮግራመር ስህተቱን እዚያው ያርማል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም» የሚለውን አባባል ከጀማሪም ከነባር ባለሙያም መስማት ሰልችቶኛል። ሪቨርት ማለት በኮድ ላይ የተደረገን ለውጥ ሽሮ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የሊኑክስ ከርነልን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ታሪክ ቢያገላብጡ መልካም ነበር።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የወጣው የ6.6.5 እትም፣ የዋይፋይ ግንኙነት ጥራትን የሚከታተለውን ኮድ ለማስተካከል የተጻፈ አንድ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ይዞ ነበር። ኮሚቱ መጀመሪያ የተዘጋጀው ለ6.7 ሲሆን፣ በዚያ እትም «ደብሊውዴቭ» የተባለው ሎክ (ሁለት ሥራዎች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያግድ ቁልፍ) አስቀድሞ ከኮዱ ወጥቷል። ሎኩ ገና በነበረበት በ6.6 ላይ ሲገባ ግን ኮሚቱ የነካው ፈንክሽን (የኮዱ ክፍል) አንዳንድ ጊዜ የያዘውን ሎክ ሳይለቅ ይወጣ ጀመር፤ ያንኑ ሎክ የሚጠብቀው ሁሉ ባለበት ቆመ፤ ኔትወርክ የሚያስተዳድሩ ፕሮግራሞችም መልስ መስጠት አቆሙ። ዲሴምበር 11 የወጣው 6.6.6 ያንን ኮሚት ከመመለስ በቀር ሌላ ለውጥ አልነበረውም። የመለሱት ሰዎች ማረም አቅቷቸው አይደለም፤ ኮሚቱ የሎኩ ጉድለት ተስተካክሎለት ቆይቶ ተመልሶ ገብቷል። እርማቱ ያለ ጥድፊያ እስኪሠራ ድረስ ግን ተጠቃሚው ቀድሞ ይሠራ በነበረው ኮድ ላይ ቆየ።

በዋይፋይ ላይ ጊዜው ይበልጥ ያሳስባል፤ ኔትወርክ የተቋረጠበት ሰው እርማቱን የሚያወርድበት መንገድም አብሮ ተቋርጦበታልና። የኬብል መሰኪያ የሌለው ላፕቶፕ ይዞ የመጣ አንድ ደንበኛዬን «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል» ብለው አዲስ ሊሸጡለት ነበር፤ በቀድሞው ከርነል ሳስነሳለት ወዲያው ተገናኘ።

«ኮሚቱ ከተመለሰ ጸሐፊው ሥራውን አያውቅም።» ያው ኮሚት በ6.7 ላይ ትክክል ነበር።

«ሪቨርት ታሪክን ይሰርዛል።» አይሰርዝም፤ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ተቃራኒውን ለውጥ የያዘ አዲስ ኮሚት ይጨምራል።

«መመለስ ምንጊዜም አደጋ የለውም።» ይህን የሚሉት ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ የሄዱት ናቸው። ኮሚቱ ያስተካከለው የቀድሞ ችግር አብሮ ይመለሳል፤ በላዩ ላይ የተመሠረቱ ሌሎች ኮሚቶች ካሉም እነርሱ ሊበላሹ ይችላሉ።

ስለዚህ አዲስ ከርነል ሲጭኑ የቀድሞውን አያጥፉ፤ ችግር ሲገጥምዎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው ምርጫ ላይ ያገኙታል። ዋይፋዩ ከጠፋም የስልክዎን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ማጋራት ይችላሉ። ኮድ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ጊት በራሱ የሚጽፈው መልእክት የትኛው ኮሚት እንደተመለሰ ብቻ ስለሚናገር፣ ለምን እንደተመለሰ እርስዎ ይጨምሩበት፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ከወራት በኋላ ያንኑ ኮሚት እንደነበረ መልሶ ያስገባዋል።